ልጁን ለሲስተሮቹ ከመስጠታችን በፊት

በጤና ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ከእናቶችና ከአያቶች አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይቀርብልኝ ነበር። «ሲስተር፣ ይህን ልጅ የሚቀበልልኝ ቦታ ታውቂያለሽ?» የሚል ነው። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ጥያቄው አልቀረም። በለቅሶ ቤት፣ በማኅበር፣ በገበያ መንገድ ላይ አንዷ እጄን ይዛ ወደ ጥግ ትወስደኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትጠይቀኛለች።

ልጁ አምስት ዓመት ሞልቶት አንድ ቃል ያልተናገረ ሊሆን ይችላል። ወይም እኩዮቿ ሲራመዱ አንገቷ እንኳ ያልጸናላት፣ ምንጣፍ ላይ የቀረች ልጅ ናት። ወይም ደግሞ እስከ ቅርብ ጊዜ ሲስቅና ሲጫወት የነበረ፣ አባቱ ከሞተ ወዲህ ግን ዝም ያለ ልጅ ነው። ጠያቂዋ ጨካኝ አይደለችም። ብዙውን ጊዜ ልጁን ለዓመታት በጀርባዋ አዝላ ጠበሉንም ሐኪም ቤቱንም ያዳረሰች፣ በዚሁ ሰበብ ሥራዋን ያጣች፣ አከራይዋ «ልጅሽ ይጮኻል» ብሎ ያስወጣት ሴት ናት።

ከጎረቤት የምታገኘው ምክርም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ማዘር ተሬዛ ቤት ውሰጂው» ይሏታል። ምክሩ ከደግነት የመጣ ነው። ቢሆንም ያ ቤት ለማን እንደተከፈተ፣ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል የምናውቅ ጥቂት ነን። ልጅን የሚያህል ነገር አሳልፎ ለመስጠት ከመነሳታችን በፊት ይህን ማወቅ ይገባናል።

ቤቱ ለማን ተከፈተ?

በአገራችን ነርስም «ሲስተር» ትባላለች፣ የካቶሊክ መነኩሲትም «ሲስተር» ትባላለች። በዚህ ምክንያት እኔንም ነጭ ጋወን ለብሼ ሲያዩኝ ከገዳም የመጣሁ የመሰላቸው ብዙ እናቶች ነበሩ። እዚህ የማወራው ግን ስለ ሁለተኛዎቹ፣ ሰማያዊ ጥለት ያለው ነጭ ሳሪ ለብሰው ስለምናያቸው ሲስተሮች ነው።

ማኅበራቸው ሚሽነሪስ ኦፍ ቻሪቲ ይባላል። ማዘር ተሬዛ እ.ኤ.አ. በ1950 በህንድ አገር በካልካታ ከተማ መሠረቱት። እንደ ሌሎች የካቶሊክ መነኮሳት ለድህነት፣ ለንጽሕናና ለታዛዥነት ቃል ይገባሉ። እነዚህ ግን አራተኛ ቃል ኪዳን አላቸው፤ ከድሆች ሁሉ ለደኸየው ሰው ያለ ክፍያ በሙሉ ልብ ማገልገል። ወደ ኢትዮጵያ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1973፣ የወሎ ረሃብ አገሩን ባናወጠበት ዘመን ነው። ማዘር ተሬዛ ራሳቸው መጥተው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን አነጋግረው ፈቃድ አገኙ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜም ተመልሰው መጥተዋል። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ያለው ቤታቸው የከተማው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ከአዲስ አበባ ውጭም ቤቶች አሏቸው።

የካቶሊክ ምእመናን በኢትዮጵያ ሕዝብ ውስጥ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። በእነዚህ ቤቶች የሚታቀፉት ሰዎችም አብዛኞቹ ኦርቶዶክስ ወይም ሙስሊም ናቸው። በሩ ላይ ሃይማኖት አይጠየቅም፣ ገንዘብም አይጠየቅም። የሚጠየቀው «ሰው አለህ ወይ?» ነው። ቤቱ የተከፈተው ሰው ለሌለው ነው፤ መንገድ ላይ ለወደቀ፣ ቤተሰቡ ለማይታወቅ፣ ሆስፒታል በር ላይ ለተተወ ሕፃን። ከእነዚህ መካከል የአእምሮ እድገት ውስንነትና የአካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች አሉ። እነሱን የሚያጥብ፣ የሚያጎርስና ስማቸውን የሚጠራ ሌላ ሰው ስላልነበረ ሲስተሮቹ ይህን ሥራ ወሰዱት።

እንዲህ ያለውን ሥራ አቅልዬ አላየውም። ራሱን ችሎ የማይቀመጥ ልጅ የጀርባ ቁስል እንዳያወጣ በየጥቂት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ የሚያንቀውን ልጅ በትዕግሥት በማንኪያ መመገብ፣ ይህንም በየቀኑ ለዓመታት መሥራት ምን ማለት እንደሆነ የሠራ ያውቀዋል።

ምሕረትና ሙያ

ነገር ግን ልጅ ከመታጠብና ከመብላት በላይ ያስፈልገዋል። በእነዚህ ቤቶች ላይ የሚነሳው ትችትም እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ላንሴት በተባለው ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ላይ የመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ በካልካታ የሚገኘውን የማኅበሩን ቤት ጎብኝቶ ጽፎ ነበር። ያ ቤት የልጆች ሳይሆን ለሞት የተቃረቡ ሰዎች መጠለያ ነው። ጸሐፊው የሲስተሮቹን ፍቅር አልካደም፤ የሐኪም ክትትሉና የሕመም ማስታገሻው ግን በቂ እንዳልሆነ አሳይቷል። ትችቱ ለሁላችንም ትምህርት አለው። ፍቅር በሩን ይከፍታል፤ ልጁን ለማራመድ፣ ለማናገርና ለማስተማር ግን ሙያም ያስፈልጋል።

ሁለቱን ማገናኘት እንደሚቻል ያሳየ አንድ የካቶሊክ ካህን ታሪክ ላንሳ። ዶን ካርሎ ኞኪ ይባላል፤ ጣሊያናዊ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተራራ ወታደሮች የነፍስ አባት ሆኖ ከእነሱ ጋር ወደ ሩሲያ ዘምቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1943 ክረምት ያ ጦር በበረዶ ውስጥ ሲያፈገፍግ እልፍ ሰው ሲያልቅ አየ። ከጦርነቱ በኋላ በፈንጂና በቦምብ እጅ እግራቸውን ያጡ ሕፃናትን መሰብሰብ ጀመረ። መጀመሪያ የሰጣቸው መጠለያና ምግብ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን ሐኪም፣ የአካል እንቅስቃሴ ባለሙያ፣ አስተማሪና የሙያ አሠልጣኝ አንድ ላይ የሚሠሩባቸው ማዕከላት አቋቋመ። ቀጥሎ በፖሊዮ የተጎዱ ልጆችን ተቀበለ። በስሙ የሚጠራው ድርጅት ዛሬም የእድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች ጨምሮ ብዙዎችን ያገለግላል። እ.ኤ.አ. በ1956 ሲሞት የዓይኑን ብሌን ለሁለት ዓይነ ስውር ወጣቶች እንዲሰጥ ተናዞ ነበር፤ በዚያን ጊዜ በጣሊያን ይህን የሚፈቅድ ሕግ ገና አልወጣም ነበር።

በአገራችንም የዚህ ዓይነት ሥራ የሠሩ አሉ፤ ጀማሪዎቹ ደግሞ ወላጆች ናቸው። የኦቲዝም ልጅ እናት የነበሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ውስጥ ከፈቱ። በአገሪቱ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያም ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል ተከተለ። እነዚህ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ተቋማት አይደሉም። ያነሳኋቸው ልጁ ውሎ ወደ ቤቱ የሚመለስባቸው የትምህርት ቦታዎች ስለሆኑ ነው። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ልጅ ከቤት ሲወጣ

እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቦውልቢ እ.ኤ.አ. በ1951 ለዓለም ጤና ድርጅት ባቀረቡት ጥናት ሕፃን ልጅ ከእናቱ ወይም እንደ እናት ካሳደገው ሰው ለረጅም ጊዜ ሲለይ ምን እንደሚደርስበት አሳይተዋል። ምግቡ ቢሟላም፣ አልጋው ንጹሕ ቢሆንም፣ አንድ የራሴ የሚለው ሰው ከሌለው ልጁ ይደበዝዛል። በየፈረቃው የሚቀያየሩ ሠራተኞች የቱን ያህል ደግ ቢሆኑ የአንዲትን አያት ቦታ አይተኩም። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ጥናቶችም ይህንኑ አጠናክረዋል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2009 ባጸደቀው መመሪያም ድህነት ብቻውን ልጅን ከቤተሰቡ ለመለየት ምክንያት ሊሆን አይገባም ተብሏል፤ ይልቁንም ቤተሰቡ መረዳት አለበት።

ይህ በተለይ የእድገት ውስንነት ላለበት ልጅ እውነት ነው። መናገር የሚችል ልጅ «ራበኝ፣ አመመኝ» ይላል። የማይናገረውን ልጅ ቋንቋ የሚያውቁት ግን እናቱና አያቱ ናቸው። ዓይኑን ሲያዞር ውሃ መፈለጉን፣ እግሩን ሲያማታ ሆዱን መታመሙን የሚያውቅ ሰው አንዴ ከጎኑ ከጠፋ፣ ያ ሁሉ እውቀት አብሮ ይጠፋል።

ቤት ውስጥ ምን ይቻላል?

ለተወሰኑ ዓመታት በደቡብ አንዲት ከተማ ውስጥ የካቶሊክ ሲስተሮች ከሚያስተዳድሩት ክሊኒክ ጋር ሠርቻለሁ። እዚያ ልጆችን አዳሪ አይቀበሉም ነበር። ማክሰኞና ዓርብ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ግማሽ ቀን አብረው ይማራሉ፤ ከዚያ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ሻይና ዳቦ ይቀርባል፣ ለሩቅ መጪ የመጓጓዣ ይሰጣል። በዚያ ላይ የተማርኩት በነርስ ትምህርት ቤት ያላገኘሁትን ነው።

ከሚመጡት መካከል አንዲት አያት ነበሩ። የልጅ ልጃቸው የአራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ በምጥ ጊዜ አየር አጥሯት ሴሬብራል ፓልሲ የደረሰባት። እናትየዋ ዓረብ አገር ለሥራ ሄዳለች። አያትየው ልጅቷን የሚያበሏት በጀርባዋ አስተኝተው፣ ፍትፍቱን በጣታቸው እያጎረሱ ነበር። ልጅቷ በየወሩ ሳንባዋ እየታመመ ትወድቃለች። አያትየው ይህን የሚያደርጉት ከፍቅር እንጂ ከቸልታ አልነበረም፤ የእሳቸውም እናት እንዲሁ ነበር የሚያበሉት።

የሠራነው ቀላል ነገር ነው። ተኝቶ የሚበላ ልጅ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ስለሚችል፣ ቀጥ አድርጎ የሚያስቀምጣት የማዕዘን ወንበር በአካባቢው አናጢ አሠራን። አናጢ ላልተገኘበት ደግሞ ካርቶን በዱቄት ሙጫ እየደራረቡ በመለጠፍ ጠንካራ ወንበር መሥራት ይቻላል። ጭንቅላቷ ትንሽ ወደ ፊት እንዲያዘነብል፣ ምግቡ ወፈር እንዲል፣ ማንኪያው ትንሽ እንዲሆን፣ እስክትውጥ እንዲጠበቅ አሳየናቸው። ሳንባዋን መታመሟ እየቀነሰ መጣ። ከወራት በኋላ ልጅቷ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ቡና ሲፈላ ታያለች፤ ሰው ሲገባ ትስቃለች። አልተራመደችም። ነገር ግን በቤቱ ውስጥ ተኝታ የምትቀር ሳይሆን ተቀምጣ የምትጠበቅ ሰው ሆነች። «ለሰዎቹ ልስጣት ብዬ ነበር የመጣሁት» አሉኝ አንድ ቀን፤ «አሁንማ ቡናውን ያለ እሷ አልጠጣም።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ መጀመሪያ ልጁን ወደ ብርሃን ማውጣት ነው። ከዚያ የሚቀጥለው ሥራ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው። ጥቂቶቹን ልዘርዝር።

ሥራን መከፋፈል፦ እጅ መታጠብ ለእኛ አንድ ሥራ ነው፤ ለእንደዚህ ያለ ልጅ ግን ስድስት ሥራ ነው። ዛሬ ውሃ ስር እጁን ማስገባት ብቻ ይማር። ሲችል አመስግኑት፣ ከዚያ ወደ ሳሙናው ሂዱ።

ፊት ለፊት መሆን፦ ወደ ልጁ ቁመት ዝቅ ብላችሁ፣ በአጭር ቃል ተናገሩ። «ና ብላ» ይበቃል። መልሱን ጠብቁ፤ ለእሱ አልናገርለት።

ተመሳሳይ ውሎ፦ የኦቲዝም ልጅ ድንገተኛ ለውጥ ያስጨንቀዋል። የሚበላበት፣ የሚታጠብበት፣ የሚተኛበት ሰዓት የታወቀ ይሁን። ሰርግ ወይም እንግዳ ካለ አስቀድማችሁ ንገሩት።

የሚጥል በሽታ ካለበት፦ ሲጥለው በጎኑ አስተኙት፣ ራሱ ስር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ ክብሪት አታሽትቱት። ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቆየ ወደ ጤና ተቋም አድርሱት። የታዘዘለትን መድኃኒት በራሳችሁ አታቋርጡ። ጠበል የምትወስዱት ከሆነም ውሰዱት፤ መድኃኒቱ ግን አብሮ ይሂድ።

የዓለም ጤና ድርጅት የእድገት መዘግየት ያለባቸውን ልጆች ለሚያሳድጉ ቤተሰቦች ያዘጋጀው ሥልጠና በዚሁ መንገድ የተቃኘ ነው። 9 የቡድን ትምህርቶችና 3 የቤት ጉብኝቶች አሉት፤ ኢትዮጵያ ውስጥም ተሞክሯል። መሠረቱ ከልጁ ጋር በጨዋታና በቤት ሥራ መካከል መግባባትን ማስተማር ነው። ይህን የሚያደርገው ደግሞ ልጁን ቀን ከሌት የሚያየው ሰው ነው።

በሐዘን ዝም ያለው ልጅ

ከአእምሮ እድገት ችግር ለይተን ልናያቸው የሚገቡ ልጆች አሉ። እነዚህ በደንብ ያደጉ፣ ነገር ግን ጦርነት፣ መፈናቀል፣ የወላጅ ሞት ወይም ድብደባ ስሜታቸውን የጎዳው ናቸው። ልብስ መልበስ የሚችለው ልጅ እንደገና አልብሱኝ ይላል፤ አልጋ ላይ መሽናት ይጀምራል፤ ሌሊት ይጮኻል፤ ከእናቱ ቀሚስ አይለይም ወይም ከማንም ጋር አይናገርም። ብዙ ጊዜ «ቀበጠ» ወይም «ልክፍት ያዘው» ተብሎ ይገረፋል።

በእኛ አገር አንድ ልማድ አለ። አባት ወይም እናት ሲሞት ለልጅ አይረዳም። «ውጭ አገር ሄዷል»፣ «ሥራ ላይ ነው» ይባላል። ልጁ ግን ድንኳን ሲተከል፣ ዘመድ ጥቁር ለብሶ ሲያለቅስ ያያል። ያውቃል፤ ግን የሚያውቀውን እንዳይናገር ትልልቆቹ ዝም አስብለውታል። አንዳንዱ እኔ ስላጠፋሁ ነው የሄደው ብሎ ያምናል። ለልጁ እውነቱን በዕድሜው ልክ፣ በሚወደው ሰው አፍ፣ በእቅፍ ሆኖ መንገር ይገባል። «አባትህ ታሞ ሞተ። አይመለስም። አንተ ያደረግኸው ነገር የለም። እኔ ከአንተ ጋር ነኝ።» እነዚህ አራት ዓረፍተ ነገሮች ብዙ ሌሊት ያሳርፋሉ።

ለእንደዚህ ያለ ልጅ ትልቁ መድኃኒት የለመደው ሰው፣ የለመደው ትምህርት ቤትና የለመደው ጨዋታ ነው። አባቱን ያጣን ልጅ ከአያቱም ለይቶ ወደ ማሳደጊያ መውሰድ በሐዘን ላይ ሐዘን መጨመር ነው። ሳምንታት አልፈው ካልተሻለው፣ መብላትና መተኛት ካቆመ ወይም ራሱን ስለመጉዳት ከተናገረ ግን ሳይውል ሳያድር ለባለሙያ ይታይ።

መቼ እንጠርጥር?

ልጆች እኩል አያድጉም፤ ትንሽ መዘግየት ሁሌ በሽታ አይደለም። ይሁንና እነዚህን ያየ አያት «ያድጋል፣ አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው» ብሎ አይተወው።

በ2 ወር ገደማ ፊት አይቶ ፈገግ የማይል፤ በ4 ወር አንገቱን የማይቆጣጠር፤ በ9 ወር ያለ ድጋፍ የማይቀመጥ፤ ዓመት ሞልቶት ስሙ ሲጠራ የማይዞር፤ በ18 ወር የማይራመድ፣ የሚፈልገውን በጣቱ የማያሳይ፤ በ2 ዓመት «ውሃ ስጪኝ» ዓይነት ሁለት ቃል የማያገናኝ ልጅ ይመርመር። የነበረውን ችሎታ ያጣ ልጅ ደግሞ በየትኛውም ዕድሜ ይሁን ቶሎ ይታይ። የማይናገር ልጅ በመጀመሪያ ጆሮው ይመርመር፤ መስማት ተስኖት ኦቲዝም የተባለ ልጅ አይቻለሁ።

ምክንያቱ ብዙ ነው። የተራዘመ ምጥ፣ ሲወለድ አየር ማጣት፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ቢጫነት፣ የማጅራት ገትር፣ በእርግዝና ጊዜ የአዮዲን እጥረት ይጠቀሳሉ። ዳውን ሲንድሮም የሚመጣው ከአንድ ትርፍ ክሮሞሶም ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1959 በፈረንሳይ ተረጋግጧል። ኦቲዝምን ሐኪሙ ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 ከገለጸው በኋላ ለብዙ ዓመታት «ልጇን የማትወድ እናት ታመጣዋለች» ሲባል ኖሯል፤ ሐሰት መሆኑ ከተረጋገጠ ቆይቷል። በእኛም አገር እርግማን ነው፣ ቡዳ ነው፣ የአባት ኃጢአት ነው ይባላል። ምራቶቻችሁን በዚህ አትውቀሱ። የተወቀሰች እናት ልጇን ትደብቃለች፤ የተደበቀ ልጅ ደግሞ ትምህርቱም ሕክምናውም ያመልጠዋል።

መነሻችሁ የቀበሌያችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያና ጤና ጣቢያ ይሁን። ከዚያ የሕፃናት ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ሪፈር ይጻፍላችኋል። ትምህርትን በተመለከተ በአንዳንድ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የልዩ ፍላጎት ክፍል አለ፤ ጠይቁ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶችን ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች፤ ስለዚህ ትምህርት ቤት ደጅ ስትቆሙ የምትጠይቁት መብታችሁን ነው።

መስጠት የግድ ሲሆን

ሁሉም ልጅ ቤት ውስጥ ሊያድግ ይችላል አልልም። እናት ሞታ፣ አያት አልጋ ላይ ወድቃ፣ ዘመድ ጠፍቶ ሲቀር የሲስተሮቹ ቤት የእግዚአብሔር በረከት ነው። ልጅ በሚደበደብበት ወይም በሚደፈርበት ቤት መቆየት የለበትም። እንደዚያ ሲሆን ግን ውሳኔው በሌሊት በር ላይ ጥሎ መሄድ መሆን የለበትም። የሕፃናት ጉዳይ በሚመለከተው የመንግሥት ጽሕፈት ቤት በኩል፣ የልጁ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የሚወስደው መድኃኒትና የሚወደው ነገር ሳይቀር ተጽፎ ይሰጥ። ስሙን ሳያውቁ የተቀበሉትን ልጅ ስም ማውጣት ይቻላል፤ የሚወደውን ዘፈን ግን ማንም አይነግራቸውም።

ቤቱንም ጠይቁ። ይህ መብታችሁ ነው። ልጁን በየስንት ጊዜው መጠየቅ እንችላለን? ሐኪም ያየዋል ወይ? የሚያስተምረው፣ የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ አለ ወይ? ሁልጊዜ የሚንከባከበው አንድ የታወቀ ሰው ይመደብለታል ወይ? ነገሩ ሲሻሻልልን ልንወስደው እንችላለን ወይ? ጥሩ ቤት እነዚህን ጥያቄዎች አይፈራም። ከሁሉ አስቀድማችሁ ግን ሌላ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ልጁ ቤት እንዲቆይ ልትረዱን ትችላላችሁ?» ወተት፣ ዳይፐር፣ የቀን ማቆያ፣ የመጓጓዣ ገንዘብ ወይም የሁለት ቀን ሥልጠና ከተገኘ እናትየዋ ልጇን ላትሰጥ ትችላለች።

ይህን ለበጎ አድራጎት ድርጅት ብቻ መተውም አይገባም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው። እድራችን ለሞተ ሰው ድንኳን፣ ወንበርና ንፍሮ ያዘጋጃል፤ ቆሞ ላለ ልጅ ሁለት ሰዓት ማዘጋጀት አያቅተውም። በአካባቢያችሁ ልጇን ቤት ቆልፋ ሥራ የምትወጣ እናት ካለች፣ ቆልፋ የምትወጣው ልጁ የሚበላውን ልታመጣ ነው። በሚመጣው ቅዳሜ ሂዱና «እስከ ቀትር እኔ ልያዘው፣ አንቺ ገበያሽን ጨርሺ» በሏት። መጀመሪያ ቀን ልጁ ሊያለቅስባችሁ ይችላል። ሁለተኛ ጊዜ ስትሄዱ ያውቃችኋል።